«ሁለት ሚሊ ምን ታመጣለች?»

የተሳፈራችሁበት መኪና ጎማ ቀድሟችሁ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል እየወረድን ነበር። በቀኝ በኩል አንድ ጎማ፣ ብቻውን፣ የሚያስቸኩል ጉዳይ ያለው ሰው መስሎ ጥሎን አለፈ። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣውን ልንገራችሁ? «የማን ጎማ ይሆን?» ነው ያልኩት። ቃሉን ሳልጨርስ መኪናችን በስተኋላዋ ዘፍ ብላ አስፋልቱን ትፍቀው ጀመር። የኛ ነበር።

ጎማው ከመንገዱ ወጥቶ፣ ዳር ላይ በቆሎ ከምትጠብስ አንዲት ሴት ፊት አልፎ፣ በቆሎ የሞላበትን ማዳበሪያዋን ገጭቶ፣ ከአንድ የኮንቴይነር ሱቅ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ሴትዮዋ ልጅ አዝላለች። በምድጃዋና በጎማው መካከል የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ተነስታ የተበተነ በቆሎዋን ትለቅም ጀመር። እኔና የእህቴ ባል አብረናት ስንለቅም አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችንና «ብሎኑን ሳታጠብቁ ነው የወጣችሁት?» አለች።

ጉዱ እሱ ላይ ነው። አጥብቀነዋል። በየሳምንቱ ነበር የምናጠብቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ባል ላዳ አለው። 2107 የምትባለዋ፣ ፊቷ ላይ ክሮም ያላት። ድሮ ታክሲ ነበረች፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከተቀባች በኋላም በሯ ሲከፈት ከማጠፊያው ሥር ሰማያዊዋ ብቅ ትላለች። ሰውየው ይወዳታል፤ ደግሞም የሚወደድ ታሪክ አላት። አባቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ፈቃዱን ከፊያት ገዝተው ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተከሉና እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዎቹን ላዳዎች አወጡ። 2107 እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2012 በአገሯ ተመረተች። ከአባቷ ከወረሰቻቸው ነገሮች አንዱ የጎማ ብሎኖቿ አሰላለፍ ነው። አራቱ ብሎኖች በአንድ ክብ ላይ ተደርድረዋል፤ ያ ክብ ከዳር እስከ ዳር በመሐሉ ሲለካ 98 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ደግሞ አራት ብሎን ሆና 100 ሚሊ ሜትር ነች።

ይህን ያህል መቀራረባቸው ነው መዘዙ። ልዩነቱ አሥር ሚሊ ቢሆን ኖሮ ቸርኬው ጨርሶ አይገባም፤ የሚሞክረውም ሰው አይኖርም። ቮልስ ዋገንን ውሰዱ። የጥንቷ ባለ 5 ቀዳዳ ሆና ክቧ 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣችው ባለ 4 ሆና 130። ማን ያምታታቸዋል? ዓይን ያለው ሁሉ ይለያቸዋል። ሁለት ሚሊ ግን ዓይን አይለየውም። የሚለየው መለኪያ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ፣ «አባዬ፣ ይቺ መኪና ቸርኬ ብቻ ነው የጎደላት» ብሎ ተነሳ። ሦስታችን ሶማሌ ተራ ወረድን። እኔ የሄድኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዋጋ ለመከራከር ይመስለኛል። አንድ ሱቅ በር ላይ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች እንደ መስታወት ያበራሉ። ያዩትን ያህል ሌላ ነገር ያዩ አይመስለኝም፣ አባትም ልጅም።

«ለላዳ ይሆናል?» አለ የእህቴ ባል።

«ፋዘር፣ የርስዎ መኪና ባለ አራት ቀዳዳ አይደለችም እንዴ?»

«አዎ፣ አራት ናት።»

«ይሄም አራት ነው። አለቀ።»

አጠገቡ ተጎንብሶ ጎማ የሚያወልቅ አንድ ሸምገል ያለ ጎሚስታ ነበር። ቀና ሳይል፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «የላዳ 98 ነው ጋሼ፤ ይሄ የመቶ ነው» አለ። ሻጩ ሳቀ። «ሁለት ሚሊ ምን ታመጣለች?» እኛም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። «በጣም ያምራል» ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሁለት ሚሊ ምን እንደምታመጣ ከጎማው በኋላ አንድ የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። እናንተም ስሙት፤ ነገ የምትሳፈሩበትን መኪና አታውቁትምና።

ብዙዎቻችን መኪናውን የሚሸከሙት ብሎኖቹ ይመስሉናል። የብሎን ሥራ መጭመቅ ነው። ቸርኬውን መኪናው ላይ ካለው እምብርት ፊት ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ክብደቱንም፣ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውንም ጉልበት የሚችለው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። ለዚህ እንዲመች የብሎኑ ራስ ከሥሩ ሾጣጣ ተደርጓል፤ የቸርኬው ቀዳዳም አፉ በዚያው ልክ ጎድጎድ ብሏል። ሾጣጣው ጎድጓዳው ውስጥ ዙሪያውን ገጥሞ ሲቀመጥ ነው ብሎን ጠበቀ የሚባለው።

አሁን 98 ላይ 100 ግጠሙ። የመጀመሪያውን ብሎን ስታጠብቁ ቸርኬው ወደሱ ይሳባል። በትይዩ ያለው ብሎን የሁለቱን ሚሊ ዕዳ ብቻውን ይወስዳል፤ የሚከፍለውም ራሱን አጣሞ ነው። ሾጣጣው በአንድ ጎኑ ብቻ ነክሶ ይቀራል። መፍቻው ይከብዳል፣ ክንድ ይደክማል፣ ላብ ይመጣል፤ «አሁን ጠብቋል» ይባላል። ክንዳችሁን ያደከመው የጠርዝና የጠርዝ ግብግብ ነው። ቸርኬው ከእምብርቱ ጋር ገና አልተጣበቀም።

ከዚያ ይነዳል። 175/70 የሆነ 13 ቁጥር ጎማ ዙሪያው 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በየደቂቃው ከ550 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። በእያንዳንዱ ዙር የተጣመመው ብሎን አንድ ጊዜ ይታጠፍና ይቃናል። አዳማ እስክትደርሱ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። የሽቦ ቁራጭ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ በጥሳችሁ ታውቁ የለ? ያው ነው። በዚያ ላይ በልኩ ያልተቀመጠ ብሎን በየንዝረቱ ትንሽ ትንሽ ይላላል። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ስለ መቀነት ቢሆንም ላዳችንን ያዩ ይመስላል።

ሌላም አለ። የብረቱ ቸርኬ ስስ ነው፤ አሉሚኒየሙ ወፍራም። ስለዚህ የድሮው ብሎን አጥሮ ጥቂት ጥርስ ብቻ ነክሶ ይቀራል። ረጅም ብሎን ይፈለግ ተባለና ከአንድ ሳጥን ውስጥ ተመርጦ መጣ። የላዳ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ በጥርስና ጥርሱ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው፤ የቶዮታው 12 ሚሊ ሆኖ 1.5። በዓይን መንትያ ናቸው። አንዱ ብሎን አልገባ ሲል መፍቻው ላይ ቧንቧ ተጨመረለት። ገባ። እንዴት እንደገባ የጠየቀ የለም።

ላዳዋ ደግሞ ሳትናገር አልቀረችም። ከ60 በላይ ስትነዳ ትንዘፈዘፋለች፤ ከኋላ በኩል መቀመጫው ድረስ ይሰማል። «ባላንስ ነው» ተባለ። ባላንስ ቤት ተወሰደች፤ ጎማዎቹ ማሽን ላይ ወጡ፤ ማሽኑ ደህና ናቸው አለ። እዚህ ላይ ማሽኑ አልዋሸም። ባላንስ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመሐል ቀዳዳው ነው፤ በመሐል ቀዳዳው በኩል ቸርኬው ጤነኛ ነበር። የታመመው መኪናዋ ላይ ሲታሰር ነው። የመሐል ቀዳዳው ከላዳዋ እምብርት ስለሚሰፋ እንኳ መሐሉን ይዞ የሚያቃናው ነገር አልነበረም። እኛ ግን ወረቀት ይዘን ተመለስን፤ የማሽን ወረቀት።

ይባስ ብሎ መኪናዋ በዚያው ሰሞን ዓመታዊ ምርመራ ነበረባት። የት እንደተመረመረች አልናገርም። መርማሪው መብራቱን አየ፣ ጥሩምባውን አስጮኸ፣ ፍሬኑን አስረገጠ፣ ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና «ቸርኬው ያምራል፣ ከየት ነው የገዛችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ቦሎው ተለጠፈ። ላዩ አማረ፤ ውስጡን ለቄስ!

እንግዲህ ማንን ልውቀስ? ሻጩን? የሻጭ ሥራው መሸጥ ነው ብለን እንለፈው? አላልፈውም። «ሁለት ሚሊ ምን ታመጣለች?» ያለው ባለማወቅ አይደለም፤ ጎሚስታው ሲናገር ሰምቷል። እያወቀ የሳቀ ሰው ነው። ይሁንና ከሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ያ ሳቅ እንዴት በቀላሉ እንደተጋባብን ነው። የሚለካ ሰው በመካከላችን ሲገኝ የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ይሳቅበታል። «አታካብድ» ይባላል። «ምንም አይል» ይባላል። «ያስኬዳል» ይባላል። እውነት ነው፣ ያስኬዳል። የኛም ላዳ ለሁለት ወር ሄዳለች።

«ድህነት ነው ወንድሜ፤ ሰው ወዶ አይደለም» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህቺን ክርክር ሁሌም እሰማታለሁ፤ ሁሌም ታናድደኛለች። ላዳዋ ይዛው የመጣችው የብረት ቸርኬ ነበራት። ጥቁር ነው፣ አያበራም፣ ግን የሷ ነው። መቀየር የሚያስፈልገው አንዳችም ነገር አልነበረም። ጎማዎቹ ግን ጥርሳቸው አልቆ ራሰ በራ ሆነው ነበር፤ ለቸርኬው በወጣው ብር ጎማ ይገዛ ነበር። ያንኑ ራሰ በራ ጎማ ከብረቱ አውልቀን የሚያበራው ላይ አለበስነው። ይህ ድህነት ነው? ድሃማ ይለካል። ለልጁ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ድሃ ጨርቁን ሦስት ጊዜ ነው የሚያስለካው፤ ቢበላሽ ሁለተኛ መግዣ የለውማ። በዚህ አገር ሳይለካ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ ወይ የተረፈው ነው፣ ወይ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። በቆሎ ጠባሿን አስታውሱ።

ደግሞ ማንም ብልሃትን ነቀፈ እንዳይለኝ። የኛ አገር መካኒክ ፋብሪካው የረሳትን መኪና ነፍስ የሚዘራባት ሰው ነው። ቶርኖ ቤት ገብታችሁ አንድ አዛውንት ከጥቅል ብረት ዕቃ ሲያወጣ ተመልክታችሁ ከሆነ እጁን ለመሳም ይዳዳችኋል። ግን ልብ በሉልኝ፤ ያ ሰውዬ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ ኪሱ ውስጥ ካሊፐር አለው። ከመቁረጡ በፊት ይለካል፣ ቆርጦ ይለካል፣ ገጥሞ ይለካል። የሱን ጥበብ «ምንም አይል» ከሚለው ጋር በአንድ ስም መጥራት ነውር ነው። ሶማሌ ተራ ላይ ያ ጎሚስታ ቀና ሳይል «98 ነው» ሲል ያን ቁጥር ከየት አመጣው? ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ ኖሮ ነዋ!

መላውም ጠፍቶ አይደለም። በ98 የተሠራ ቸርኬ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ፊያት በዚህ ክፍለ ዘመን ያመረታቸው ፓንዳና 500 ሳይቀሩ ይኸው ልክ ናቸው። ከዚህም አልፎ ሾጣጣው ከብሎኑ ግንድ ተነጥሎ ወዲህ ወዲያ የሚንሸራተት፣ ለዚህችው ለሁለት ሚሊ ልዩነት ተብሎ የተሠራ ብሎን አለ። ልብ አድርጉ፤ ሁለት ሚሊ ምንም የማታመጣ ብትሆን ኖሮ ለሷ ብሎ ብሎን የሚያመርት ሰው ባልኖረ። ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ እንደ እንቁላል ማሞለል፣ ወይም አሉሚኒየሙን በብየዳ ደፍኖ እንደገና በትራፓኖ መብሳት ግን ብልሃት አይባልም። ብየዳው አሉሚኒየሙን ያለዝበዋል፤ ሞረዱ ደግሞ ሾጣጣው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ይበላዋል።

«ለአንዲት አሮጌ ላዳ ይህን ያህል?» ትሉኝ ይሆናል። አሮጌ መኪና ከኛ ጋር ገና ብዙ ይቆያል፤ እሱን ነው የምለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። መልካምም ይሁን ክፉ፣ ለዛሬ አልከራከርበትም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለችውን ይዞ ይቆያል፤ ያለችው ስታረጅ የሌላ መኪና ዕቃ ይገጥምላታል። ከእንግዲህ ከመቼውም ይልቅ መለካት የሚያስፈልገን ሰዎች ሆነናል ማለት ነው። ያስኬዳል ብለን የምንገጥመው ቸርኬ ብቻ አይደለማ። ያልገጠመ የጋዝ ሬጉሌተር በጎማ ቁራጭ አስረን እሳት የምንለኩስ ሰዎች ነን። ስለ ወንበርማ አታንሱብኝ፤ የመቶ ሰው በ98 ወንበር ላይ ስንቱን አስቀምጠን፣ መሥሪያ ቤቱ ሲንዘፈዘፍ «ባላንስ ነው» እያልን በየዓመቱ ሥልጠና እንልክለታለን። ይቅር፣ ወደ ላዳዋ ልመለስ።

እኔ የምለው፣ በአማርኛችን አንድ ነገር ስንት እንደሆነ የምናውቅበትም ቃል «ልክ» ነው፣ እውነት የተናገረን ሰው «ልክ ነህ» የምንልበትም ያው «ልክ» ነው። ይህን ቋንቋ የሠሩ ሰዎች መለካትንና እውነት መናገርን ለይተው አላዩም ማለት ነው። ጎሚስታው «98 ነው» ሲል በሁለቱም በኩል ልክ ነበር። የሳቅነው እኛ ነን።

ላዳዋ ተጠገነች። ካሉት አራት ብሎኖች ሁለቱ መንገድ ላይ ወድቀው ቀርተዋል፤ ሁለቱ አንገታቸው ላይ ተቆርጠው ነበር። ተቆርጠው የቀሩትን ለማውጣት መካኒኩ ግማሽ ቀን ፈጀበት። የብረት ቸርኬዎቿ ከዕቃ ቤት ወጥተው ተመለሱላት። ለበቆሎ ጠባሿ የተበላሸባትን ከፈልን፤ ብሩን ቆጥራ ተቀበለች፤ አልመረቀችንም።

አራቱ ቸርኬዎች ለብዙ ጊዜ እህቴ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በቀደም ስሄድ አጣኋቸው።

«የት ሄዱ?» አልኩት የእህቴን ባል።

«ሸጥኳቸው። የተጎዳውን አስበየድኩና አራቱንም አንድ ልጅ ወሰዳቸው።»

«ምን መኪና ነው ያለው ልጁ?»

ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«ነግሬዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ሁለት ሚሊ ልዩነት አላት፣ ለላዳ አትሆንም ብዬዋለሁ። ሳቀብኝ።»